«ካንሰር አይደለም» እየተባልሁ የምመለስበት እንቅርት

ጥያቄ፦ መምህርት ከምሥራቅ ጎጃም

ጤና ይስጥልኝ። በአንገቴ ላይ ያለው እንቅርት ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። እናቴም አክስቶቼም ነበረባቸው፤ በአካባቢያችን ብዙ ሴቶች ስላለባቸው ማንም እንደ ሕመም አይቆጥረውም ነበር። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መጠኑ፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ በግልጽ እየጨመረ መጣ። አሁን በጀርባዬ ተንጋልዬ መተኛት አልችልም፤ ትራስ ደራርቤ ወይም በጎኔ ካልሆነ አየር ያጥረኛል። ቆሎና ደረቅ ዳቦ በውኃ ካላወራረድሁ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ በሚኖረኝ ክፍለ ጊዜ ድምፄ እየሰለለ ስለሚሄድ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች አይሰሙኝም።

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎልኝ ሄድሁ። የታይሮይድ (እንቅርት የሚሆነው የአንገት እጢ) ሆርሞን የደም ምርመራ ተደርጎልኝ ልኩ ትክክል ነው ተባለ። አልትራሳውንዱ በሁለቱም በኩል በርከት ያሉ እብጠቶች እንዳሉ፣ ትልቁም በቀኝ በኩል 5.2 ሳንቲ ሜትር እንደሆነ አሳየ። ከእርሱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ካንሰር እንዳልሆነ ሲነገረኝ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ያ ውጤት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የምናገረውን የሚሰማኝ ሐኪም አላገኘሁም። በሄድሁ ቁጥር የማገኘው ሐኪም ሌላ ነው፤ ካርዴን ገልጦ የናሙናውን ውጤት ያነባል፣ «ካንሰር አይደለም፣ ሆርሞንሽም ደህና ነው፣ ችግር የለውም» ይለኛል፣ ለስድስት ወር ቀጥሮም ይሸኘኛል። ማታ ማታ እንደሚያፍነኝ ስናገር አንዱ ጭንቀት ነው አለኝ። ሌላው ቀዶ ሕክምና ለካንሰር ብቻ እንደሚደረግ ነገረኝ። አንደኛዋ ደግሞ ለመልኬ ብዬ እንደመጣሁ ቆጥራ፣ «በዚህ ዕድሜሽ አንገትሽን ማን ያይሻል?» አለችኝ። በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም እንዲያሟሽሽልኝ ብሎ የታይሮክሲን (የዚያው የእጢው ሆርሞን) ኪኒን ያዘዘልኝ ሲሆን እስካሁን ለውጥ አላየሁበትም።

እኔ የማስተምርበት ድምፅና የምተኛበት እንቅልፍ ነው የሚያሳስበኝ። ካንሰር ያልሆነ እንቅርት ሰውን እንዲህ ሲያስቸግር በእውነት ሕክምና የለውም? ካለውስ፣ ሐኪሙ ከናሙናው ወረቀት ቀና ብሎ ሌላውን እንዲመለከትልኝ ምን ማለት ይገባኛል? ቀዶ ሕክምናው ድምፅን እንደሚያሳጣ ስለሰማሁ ይህንንም እፈራለሁ። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ምላሽ 1፦ ቀዶ ሐኪም

እኅቴ፣ የጻፉትን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ በእኔ እምነት አቤቱታዎ ትክክል ነው።

እስካሁን የተደረጉልዎት ምርመራዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ። በመርፌ የተወሰደው ናሙና በእብጠቱ ውስጥ ያሉት ህዋሳት የካንሰር መልክ እንዳላቸውና እንደሌላቸው ይናገራል። የደም ምርመራው ደግሞ እጢው ሆርሞን የሚያመርተው በልኩ መሆን አለመሆኑን ይገልጻል። የአየር ቧንቧዎ ከቦታው መገፋቱን፣ ምን ያህል መጥበቡን፣ እንቅርቱ ከፍርንባ አጥንት ጀርባ ወደ ደረት መውረዱን ግን አንዳቸውም አይናገሩም፤ አልትራሳውንድም ቢሆን አጥንትን አልፎ ስለማያይ ወደ ደረት የወረደውን ክፍል ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ «ችግር የለውም» የሚለው መልስ የተሰጠው ችግሩ ሊታይ በሚችልበት በኩል ሳይመረመሩ ነው።

የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧ በአማካይ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እንቅርቱ ቀስ በቀስ ሲጫነው ሰውነት ለረጅም ጊዜ ይቻቻለዋል፤ ስፋቱ ከ8 ሚሊ ሜትር አካባቢ በታች ሲወርድ ግን ዳገት ሲወጡ ወይም ዕቃ ሲሸከሙ ትንፋሽ ማጠር ይጀምራል፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሲጠጋም ቁጭ ብለው እንኳ አየር ሲስቡ ድምፅ ይሰማል። በጀርባ ሲተኙ ማፈኑ፣ ደረቅ ምግብ መቆሙ፣ የድምፅ መድከም፣ እነዚህ ሁሉ በሕክምናው ዘንድ የታወቁ የመጫን ምልክቶች ናቸው እንጂ የጭንቀት ምልክት ተብለው የሚታለፉ አይደሉም።

ቀዶ ሕክምና ለካንሰር ብቻ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር መመሪያ፣ ናሙናው ደህና ቢሆንም እያደገ የሄደና ከ4 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ወይም የመጫን ምልክት የሚያስከትል እብጠት ለቀዶ ሕክምና ሊታሰብ እንደሚገባ ይገልጻል። የእርስዎ እብጠት በሁለቱም ምክንያት ይታሰባል። ታይሮክሲኑን በተመለከተ፣ ሆርሞኑ ደህና በሆነ ሰው ላይ የቆየና የተለቀ እንቅርትን የማሟሸሽ ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ከልክ በላይ ሲሆን የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ስለ መቀጠሉ ያዘዘልዎትን ሐኪም ፊት ለፊት ይጠይቁት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ነገር በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። አንደኛው የአንገትና የደረት ራጅ፣ ከተቻለም ሲቲ ስካን ነው። ሁለተኛው የአንገት በላይ ሐኪም የድምፅ አውታርዎ በሁለቱም በኩል በትክክል እንደሚንቀሳቀስ በመሣሪያ እንዲያይልዎት ነው። ድምፅዎ እየሰለለ ስለሆነ ሁለተኛው ምርመራ ቀዶ ሕክምና ባይኖርም እንኳ ተገቢ ነው።

ምላሽ 2፦ የእናቷ ልጅ፣ ባሕር ዳር

እኅቴ ሆይ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ የእናቴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። በእናቴ አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ የተነቀሰ አልነበረም፤ በልጅነቷ እንቅርቱን ይከለክላል ተብሎ ነው። ንቅሳቱም አለ፣ እንቅርቱም ከሥሩ አደገ። እርሷንም ለዓመታት «ካንሰር ስላልሆነ ተይው» ይሏት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንዲት ወጣት ሐኪም እናቴን ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ከጆሮዋ ጋር አስጠግታ እንድትቆይ ባደረገቻት ጊዜ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል እንደቆየች የእናቴ ፊት ቀላ፣ የአንገቷ ደም ሥር ተወጠረ፣ ትንፋሿም አጠረ። ሐኪሟ ይህ እንቅርቱ ወደ ደረት ወርዶ የደም ሥሮችን እንደሚጫን የሚጠቁም የታወቀ ምልክት መሆኑን ነገረችንና ዕለቱን ሲቲ ስካን አዘዘች። የታየውም እንዳለችው ነበር፦ እንቅርቱ ከፍርንባዋ ጀርባ ወርዶ የአየር ቧንቧዋን ወደ ግራ ገፍቶታል። ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቅ ምርመራ ስለሆነ ሐኪሙን ይጠይቁት፤ ይሁን እንጂ ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል ብቻዎን ቤት ውስጥ አይሞክሩት።

እኛን የረዳን ሌላው ነገር አነጋገራችንን መለወጣችን ነው። እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ «አንገቴ አብጦ» ብላ ትጀምርና እርሱም አንገቷን ዳብሶ ይጨርስ ነበር። በኋላ በወረቀት ጻፍንላት፤ በምን ሁኔታ እንደምትተኛ፣ የትኛው ምግብ እንደሚቆምባት፣ ምን ያህል ዳገት ስትወጣ እንደምትቆም፣ ከአምና ዘንድሮ ምን መሥራት እንዳቃታት። ወረቀቱ ከካርዷ ጋር እንዲያያዝ ለመንን፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቢቀየርም ታሪኩ እንደ አዲስ አይጀመርም ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እናቴ ቀዶ ሕክምናውን በመጠባበቅ ላይ ሳለች ዘመድ ከውጭ አገር የአዮዲን ኪኒን አምጥቶላት መዋጥ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ልቧ በኃይል ይመታ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ሥጋዋም ይቀንስ ጀመር፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ደረሰባት። ሐኪሞቹ እንዳስረዱን፣ ለብዙ ዘመን አዮዲን ያነሰው ብዙ እብጠት ያለበት እንቅርት በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ቀዶ ሕክምናውም በዚህ ምክንያት ሆርሞኗ እስኪስተካከል ድረስ ዘገየ። ማንም በቅንነት የሚሰጥዎትን ኪኒን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

ምላሽ 3፦ ጠቅላላ ሐኪም

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ፤ መምህርቷን ከሸኟት ሐኪሞች ወገን ሆኜ የማውቀውን ልናገር። አንድ ጠዋት በር ላይ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዛት ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያስተርፋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ የሚፈልገው የሚገድለውን ነገር ነው፤ ካላገኘው ይረጋጋል። ይህ ትክክል ነው አልልም፤ የሚሆነው ግን እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በግልጽ የማይነገር ነው። በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ያለው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ለምጥ፣ ለአደጋና ለአንጀት መታጠፍ እንኳ አይበቃም። የተጫነ የአየር ቧንቧ ያለበትን ሰው ማደንዘዝ ልምድ ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ ይፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሊወርድ የሚችለውን የደም ካልሲየም የሚለካ ላቦራቶሪና ሌሊቱን ነቅቶ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ቦታ ያለ ሐኪም «እዚህ ልንሠራልሽ አንችልም» ማለት ሲገባው «ችግር የለውም» ይላል። የመጀመሪያው ለታማሚዋ መንገድ ያሳያል፣ ሁለተኛው መንገዱን ይዘጋባታል። ስለዚህ መምህርት፣ «ችግር የለውም» ሲሉዎት በትሕትና፣ «ችግር ስለሌለው ነው ወይስ እዚህ ስለማይሠራ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ የሚቀጥለው ቃል «እንግዲያውስ ሪፈር ይጻፉልኝ» መሆን አለበት። በሪፈሩ ላይም «እንቅርት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይገባሉ። የመተንፈስና የመዋጥ ችግር እንዳለ፣ የእብጠቱ መጠንና የናሙናው ውጤት ጭምር እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ።

በአንድ ነገር ግን ከሌሎቹ ትንሽ እለያለሁ። እንቅርት ያለበት ሁሉ የግድ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 35.8 በመቶ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው፤ አብዛኛው የማይጫን፣ በክትትል ብቻ የሚኖሩበት ነው። ሐኪሙን የሚያለምደውና የሚያዘናጋውም ይኸው ብዛቱ ነው። እርስዎ ከብዙዎቹ የሚለዩት በመጠኑና በምልክቶቹ ስለሆነ፣ አጽንተው መናገር ያለብዎት እነዚህን ነው።

ምላሽ 4፦ ከአዲስ አበባ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገች

የእኔ እንቅርት በሁለቱም በኩል ስለነበረ እጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ስለ ፍርሃትዎ ጥቂት ልንገርዎት። ስነቃ ድምፄ ጎርናና ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ፤ ከፍ ያለውን የመዝሙር ዜማ ለማግኘት ግን ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶብኛል። በማግስቱ ጣቶቼንና የከንፈሬን ዙሪያ ይነዝረኝ ጀመር፤ ካልሲየም ወርዶ ነበርና መድኃኒት ተሰጥቶኝ ተስተካከለ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ባይኖር ኖሮ እጅግ እደነግጥ ነበር።

የመጀመሪያውን ሌሊት በጀርባዬ ተኝቼ ማደሬን ግን አልረሳውም። ለዓመታት ያጣሁት እንቅልፍ ነው።

አሁን ታይሮክሲን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ዕድሜ ልክ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስም ከቡናም ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት። ቡና የመድኃኒቱን መመጠጥ ስለሚቀንስ በቡና ማወራረድ አይገባም። የካልሲየምና የብረት ኪኒን ደግሞ ከእርሱ አራት ሰዓት ያህል ይራቅ። በየከተማው መድኃኒቱ አንዳንዴ ስለሚጠፋ፣ የሚወስዱት ከሆነ ሳያልቅብዎት አስቀድመው የሚገዙበትን ቦታ ያጣሩ።

ጠያቂዋ፦ መምህርት ከምሥራቅ ጎጃም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «እዚህ ስለማይሠራ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከዚህ በፊት ማንም አላስታወሰኝም፤ ይዤው እሄዳለሁ። ምልክቶቼንም በወረቀት ማስፈር ጀምሬአለሁ።

ሁለት ጉዳይ ቀርቶኛል። ቀዶ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ብለዋል፤ አንዲት ባልደረባዬ ሲነሱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዮዲን አለበት ትላለች። የእናትዮዋን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ይህ አሳስቦኛል። ሁለተኛ፣ ቀዶ ሕክምናው የማይቀር ከሆነ ለእኔ ግማሹ ይወጣል ወይስ ሁሉም? ሴት ልጄም አንገቷ ላይ ትንሽ ነገር መታየት ጀምሯል፤ ለእርሷ ከጨው ሌላ የማደርገው አለ?

ምላሽ 5፦ ቀዶ ሐኪም

ባልደረባዎ እውነት ብላለች። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ አዮዲን ይዟል፤ ብዙ እብጠት ባለበት እንቅርት ላይ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ሊያስነሳው ይችላል። የአየር ቧንቧው መገፋቱንና መጥበቡን ለማየት ግን መድኃኒቱ አስፈላጊ አይደለም፤ ያለ እርሱ የሚነሳው ምስል በቂ ነው። «እንቅርት አለብኝ፤ ያለ መድኃኒት ሊነሳ ይችላል ወይ?» ብለው ያዘዘውን ሐኪምም የራጅ ክፍሉን ባለሙያም ይጠይቁ።

ምን ያህሉ ይወጣል የሚለው በግራ በኩል ባለው ላይ ይወሰናል። በግራ ያሉት ጥቃቅንና የማይጫኑ ከሆኑ የቀኙን ብቻ ማውጣት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ለአደጋ የሚጋለጠው የአንድ ወገን የድምፅ ነርቭ ብቻ ነው፣ የካልሲየም ችግሩም አነስተኛ ነው፣ ብዙ ሰውም ያለ ታይሮክሲን ይኖራል። በሌላ በኩል የቀረው ወገን ከዓመታት በኋላ አድጎ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በድምፅዋ ለምትተዳደር መምህርት ይህ ሚዛን ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን ይጠይቃል። በለመደ እጅ የድምፅ ነርቭ ዘላቂ ጉዳት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው አካባቢ ላይ ይደርሳል፤ በዓመት ከ25 በላይ የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ዘንድ ጉዳቱ እንደሚያንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ «በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የሚሠራ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ድምፅዎ መተዳደሪያዎ መሆኑንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይንገሩት። ከዋናው ነርቭ ሌላ ድምፅን ከፍ ለማድረግ የሚያገለግል ቀጭን ነርቭ አለና እርሱንም በጥንቃቄ ይጠብቅልዎታል።

ልጅዎን አሁኑኑ ጤና ተቋም ይውሰዷት፤ በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ የሚታይ ለስላሳ እብጠት ብዙውን ጊዜ ከአዮዲን እጥረት ቢሆንም መታየት አለበት። በአገራችን የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በገበያ ግን በጆንያ የሚሸጥ ያልተጨመረበት ጨው አሁንም አለ። ታሽጎ መለያው የተጻፈበትን ይግዙ፣ በክዳን ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፤ አዮዲኑ በሙቀት ይቀንሳልና።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ ድረስ አየር ሲስቡ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ከተሰማ፣ እንቅርቱ በቀናት ውስጥ በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድምፅዎ ጎርንኖ ሳይመለስ ከቀረ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሪፈሩ የናሙናውንና የአልትራሳውንዱን ውጤት ቅጂ ይስጡ፤ ዋናው ከእርስዎ እጅ አይውጣ።